ይመር በማን

የቲቸር ይመርን ሞት የሰማሁት በቴሌግራም ነው። የዐሥረኛ ክፍል ልጆች የሰርግ ጥሪና የጁምዓ ሰላምታ የምንለዋወጥበት ግሩፕ አለን። ማክሰኞ ጠዋት ኮምቦልቻ ቢሮዬ ገብቼ፣ ኮምፒውተሩ እስኪነሳ ስልኬን ብከፍት፣ ዛሬ ፋርማሲስት የሆነው ጀማል በእንግሊዝኛ ጽፏል፦ «ቲቸር ይመር ሃዝ ቢን ዳይድ።»

ከሥሩ አንዱ «ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን» አለ። አንዷ «ነፍሳቸውን በገነት ያኑርልን» አለች። ሦስተኛው ታደሰ ነው፤ ከክፍላችን አንደኛ ሰነፍ የነበረው። «ጀማል፣ ‹ዳይ› ፓሲቭ የለውም። ቶሎ አስተካክል፣ ሰውዬው ሳይሰሙህ» ብሎ ጻፈ።

እንግሊዝኛ ላልተማረ ላስረዳ። ጀማል የጻፈው «ሞቱ» ሳይሆን «ተሞቱ» እንደማለት ነው። በአማርኛ «ተሞተ» ቢባል ጆሮ ችሎ ያልፈዋል፤ «ተሄደ»፣ «ተተኛ»፣ «ተመጣ» እንላለን። እንግሊዝኛ ግን አይፈቅድም። ቲቸር ይመር «በእንግሊዝኛ እንቅልፍና ሞት የግል ነው፤ ሰው ራሱ ይተኛል፣ ራሱ ይሞታል» ይሉን ነበር። ጀማል መልእክቱን አጥፍቶ አስተካክሎ ላከው። ከሥሩ «ይቅርታ ቲቸር» ብሎ ጨመረበት። ከት ብዬ ሳቅኩ። ከዚያ የቢሮዬን በር ዘግቼ አለቀስኩ።

ቲቸር ይመር ደሴ ላይ እንግሊዝኛ ሲያስተምሩ ነው ያረጁት። የኩታበር ገበሬ ልጅ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ክረምት ከበጋ ጉልበታቸው የሚደርስ ጥቁር ካፖርት የማይለያቸው ሰው ነበሩ። ጠመኔ ከጆሯቸው ላይ ይሰኩና ይረሱታል፤ ኪሳቸውን ሲበረብሩ እኛ አፋችንን ይዘን እንስቃለን። ሰው ሲያመሰግናቸው አፍንጫቸውን ያካሉ። ሲቆጡም ያካሉ። ስለዚህ አፍንጫቸውን ማከክ ሲጀምሩ የትኛው እንደሆነ እስኪለይ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

ከኋላቸው የምንጠራቸው «ይመር በማን» እያልን ነው። ምክንያቱም ማንም ሰው ፊታቸው ቆሞ የሆነ ነገር «ተደረገ» ብሎ በሰላም ማለፍ አይችልም።

«ቲቸር፣ ዴስኩ ተሰበረ።»

«በማን?»

«ቲቸር፣ ጥቁር ሰሌዳው አልተጠረገም።»

«በማን?»

አንድ ቀን ታደሰ እየሮጠ ገብቶ «ቲቸር፣ ደወል ተደወለ!» አለ። «በማን?» አሉት። «በጋሽ አሊ!» አለ፤ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ናቸው። «አሁን ተናገርክ» ብለው መጽሐፋቸውን ከድነው ወጡ።

ፓሲቭ ቮይስ ያስተማሩን ቀን ግን እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም። ኅዳር ነበር፤ የጦሳ ተራራ ጉም መስኮቱ ላይ ተለጥፏል። ሦስታችንን ከወንበር አስነሱን። ጀማልን «አንተ ድመት ነህ» አሉት። ታደሰን «አንተ ‹በላ› ነህ» አሉት። እኔን «ሰአዳ፣ አንቺ አይጥ ነሽ» አሉኝ። በተራ አቆሙን። «ድመት አይጥ በላ። ይህ አክቲቭ ነው፤ ሠሪው ከፊት፣ የተሠራበት ከኋላ።» ከዚያ እኔን በትከሻዬ ይዘው ወደ ፊት አመጡኝና ጀማልን ወደ ኋላ ላኩት። «ግሱ ፓሲቭ ሲሆን ይበርደዋል፤ ‹ዋዝ› የምትባል ካፖርት ያስፈልገዋል» አሉና ያንን ጥቁር ካፖርት አውልቀው ታደሰ ላይ ጣሉት። ታደሰ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጠፋ። ከዚያን ቀን ወዲያ፣ በዚያ ብርድ፣ ክፍሉ ሁሉ ግስ ካልሆንኩ እያለ እጁን ያወጣ ጀመር።

ትምህርቱ አላለቀም። ጀማልን በር ከፍተው ወደ ውጭ አስወጡት።

«አሁን አንብቡ» አሉን።

«አይጧ ተበላች» አልን።

«ዐረፍተ ነገሩ ሙሉ ነው?»

«አዎ ቲቸር!»

«ሙሉ ነው። ስህተት የለበትም። በላተኛው ግን በር ላይ ቆሞ አፉን እየጠረገ ነው።»

ጀማል ሰምቶ ኖሮ በበሩ ስንጥቅ ብቅ ብሎ አፉን ጠረገ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ለዚህ ነገር አማርኛ ከእንግሊዝኛ ይብሳል ይሉ ነበር። «ልጅ ብርጭቆ ሰብሮ ‹ሰበርኩት› አይልም። ‹ተሰበረ›ም አይበቃው። ‹ተሰበረብኝ› ነው የሚል! እዩልኝ እስቲ፣ ሰባሪው ተበዳይ ሆኖ ቁጭ!» ብለው ራሳቸው ሳቃቸውን መቆጣጠር አቅቷቸው ጠረጴዛ ይደግፋሉ።

በዚህ ስቀን ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ቴፑ ተሰበረብኝ።

ትምህርት ቤቱ አንድ ቴፕ ነበረው፤ የእንግሊዝኛ ንግግር የምንሰማበት። ከዳይሬክተሩ ቢሮ እንዳመጣው ተላክሁ። እጄ በብርድ ደንዝዟል፤ ደረጃው ላይ አመለጠኝ። ወለሉ ላይ ሲያርፍ ያወጣውን ድምፅ አሁንም እሰማዋለሁ። ዳይሬክተሩ ደግሞ የማይለወጥ ሕግ ነበረው፤ ንብረት የሰበረ ተማሪ ወላጁን ይዞ ካልመጣ ክፍል አይገባም። የኔ አባት ፒያሳ ጨርቅ ነጋዴ ነው። ሴት ልጅ ዐሥረኛ ክፍል መድረሷ ራሱ በዛ ብሎት፣ «ከትምህርት ቤት አንድ ቀን ቢጠሩኝ፣ ወላሂ ሱቅ ነው የምትገቢው» ብሎ ምሎብኝ ነበር። አባቴ ወላሂ ካለ አለቀ።

ስብርባሪውን በሻርፔ ሰብስቤ ለቲቸር ይመር ሰጠኋቸውና የአባቴን መሐላ ነገርኳቸው። አፍንጫቸውን አከኩ።

በማግስቱ ዳይሬክተሩ ወረቀት ይዞ ክፍላችን ድረስ መጣ።

«ቲቸር ይመር፣ ሪፖርትዎ ላይ ‹ቴፑ ተጥሎ ተሰበረ› ይላል። በማን?»

እንዴት እንደሳቅን! የራሳቸው ጥይት ወደሳቸው ዞረ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም።

ቲቸር ይመር ረጋ ብለው፣ «ጌታዬ፣ ሠሪው ሲታወቅ ‹በእገሌ› የሚለው ቢቀር ሰዋስው ይፈቅዳል» አሉ።

«ለማን ነው የታወቀው?»

«ለኔ።»

ዳይሬክተሩ ትንሽ አያቸው፤ ከዚያ ወረቀቱን አጥፎ ወጣ። ቴፑን ፒያሳ ያለ አንድ የሚያውቁት ጠጋኝ ዘንድ ወስደው አሠሩት። ተመልሶ ሲመጣ ውስጡ ያለው እንግሊዛዊ ጉንፋን የያዘው ይመስል ነበር። እኔን ከክፍል በኋላ አስቀሩኝና ሃያ ዐረፍተ ነገር አጻፉኝ፤ ሁሉም «እኔ» ብለው የሚጀምሩ። እኔ ተሸከምኩ። እኔ ጣልኩ። እኔ ሰበርኩ። እኔ ፈራሁ። «ለሰው አልናገርብሽም» አሉኝ። «ለራስሽ ግን ተናገሪው።» ወረቀቱን አንብበው ሁለት የፊደል ስህተት አረሙና መለሱልኝ።

ዓመታት አለፉ። እሳቸው ጡረታ ወጡ። እኔ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ተቀጠርኩ፤ ጠዋት በሚኒባስ ከደሴ እወርዳለሁ፣ ማታ እወጣለሁ። የፋብሪካው ባለቤቶች የውጭ አገር ሰዎች ስለሆኑ ሪፖርት ሁሉ በእንግሊዝኛ ነው የሚጻፈው፤ እንጀራዬም እሱ ነው።

አንድ ቀን ጦይባ የምትባል ሠራተኛ ሁለት ጣቶቿን ማሽን ጨፈለቀባት። ጦይባ ከሐርቡ የመጣች፣ ምሳ ሰዓት ላይ መንዙማ እያንጎራጎረች ሁላችንንም የምታስቀና ልጅ ነበረች። ማሽኑ እጅ እንዳያስገባ የብረት ሽፋን አለው። ሽፋኑ ሥራ ያዘገያል ብሎ ከሳምንት በፊት ያስነሳው የምርት ኃላፊው ነው። ይህን ፋብሪካው ውስጥ የማያውቅ የለም። ሪፖርቱን እንድጽፍ ያዘዘኝም ራሱ ኃላፊው ነው። ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ቃል በቃል አስያዘኝ፦ «የማሽኑ ሽፋን ተነስቶ ነበር። ሥራ ተጀመረ። ሠራተኛዋ ሳትጠነቀቅ እጇን አስገባች።» ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «አንቺ እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፤ አሳምሪው» አለኝ። ሪፖርቱ እንዲህ ከሄደ ጦይባ በራሷ ጥፋት ተጎድታ ከሥራ ትሰናበታለች። ይህንንም አውቄያለሁ።

አሳመርኩት። ቅዳሜ ጠዋት ወረቀቱን ይዤ ፒያሳ ቲቸር ይመር ወደሚቀመጡበት ሻይ ቤት ሄድኩ። ለምን እንደሄድኩ እስከ ዛሬ በትክክል አላውቅም። ለራሴ የነገርኩት «ሰዋስዉን እንዲያዩልኝ» ነው።

መነጽራቸውን አደረጉ። ሻያቸውን ወደ ዳር ገፉ። ሁለት ጊዜ አነበቡት።

«ስህተት የለውም» አሉ። ደስ አለኝ። «ማሻአላህ፣ ተምረሻል።»

ከዚያ ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አሳረፉ። «ሽፋኑ ተነሳ። ሥራው ተጀመረ። ጦይባ እጇን አስገባች። ሰአዳ፣ በዚህ ፋብሪካ ውስጥ ሰው የሚባል ጦይባ ብቻ ናት?»

ወረቀቱን እንደ አዲስ አየሁት።

«ሽፋኑን ያነሳ የለም። ማሽኑን ያስነሳ የለም። ጥፋት ሲመጣ ብቻ ስም ተጠራ።»

«ቲቸር፣ ሥራዬን አጣለሁ።»

«ልታጪ ትችያለሽ» አሉ። ወሎ ውስጥ በእንዲህ ያለ ጊዜ ሰው ሁሉ «አብሽሪ፣ አይዞሽ» ይላል። እሳቸው አላሉኝም።

ተናደድኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ሻይ ቤቱ ሁሉ ወደኔ ዞረ። «ያኔ ለኔ ‹ተጥሎ ተሰበረ› ብለው ጽፈው የለም እንዴ? ዛሬ በምን ተለየ?»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ያኔ የተሰበረው ዕቃ ነው» አሉኝ። «ስም ብጠራ የምትጎጂው አንቺ ነበርሽ። ዛሬ የተሰበረችው ሰው ናት፤ ስም ካልተጠራ የምትጎዳውም እሷው ናት። ሰዋስዉ አንድ ነው፣ ሰአዳ። ሰዋስው ሐቅ አያውቅም። የሚያውቀው ጸሐፊው ነው።»

ሻዩን የከፈሉት እሳቸው ናቸው። ተሰናብተውኝ ወጡ፤ ወረቀቱን ትተውልኝ።

ሰኞ ሪፖርቱን ከነስሙ ጻፍኩት። ሽፋኑ የተነሳው በማን ትእዛዝ እንደሆነ፣ ማን እንደፈታው፣ ጦይባ ስንት ጊዜ «ሽፋኑን መልሱልን» እንዳለች። አንዱን ቅጂ ለዋና ሥራ አስኪያጁ ሰጥቼ ሌላውን ለምርት ኃላፊው ይዤ ገባሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አክቲቭ ቮይስ ነው ጌታዬ» አልኩት። እንዴት ከአፌ እንደወጣ አላውቅም።

ሐሙስ ለማጣራት ተጠራን። የምርት ኃላፊው፣ እኔ፣ እጇ በፋሻ የተጠቀለለ ጦይባ። ገብተን እያለን፣ በዋዜማው ነገሩን በስልክ የነገርኳቸው ቲቸር ይመር ከደሴ ወርደው ኖሮ የፋብሪካው በር ላይ ደርሰዋል። ዘበኛው ኋላ ነው የነገረኝ። «አባባ፣ በማን ተጠርተው ነው የመጡት?» ሲላቸው መንገዱ ላይ ቆመው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «ልጄ፣ አንተንም አስተምሬሃለሁ እንዴ?» አሉት። «በማንም አልተጠራሁም። ራሴ መጣሁ።» ዘበኛው ወንበር ሰጣቸው። በዚያ የኮምቦልቻ ሙቀት ያንን ካፖርት ሳያወልቁ፣ ላባቸውን እየጠረጉ፣ እስክንወጣ ተቀምጠው ጠበቁን።

ጦይባ ከሥራ አልተባረረችም። ሕክምናዋ ሲያልቅ ወደ ጥራት ቁጥጥር ገባች፤ ዛሬም እዚያው ናት፣ መንዙማውንም አልተወችም። ሽፋኑ ተመልሶ በቡሎን ታሰረ። የምርት ኃላፊው ሌላ ክፍል ተመደበ፤ እሱን የሚያሳፍር ነገር ብዙም አልደረሰበትም። እኔ ወደ መጋዘን ሄድኩ። ደብዳቤው «ተዛውረሻል» ይላል፤ ማን እንዳዛወረኝ አይናገርም። ወደ ቢሮ እስክመለስ ድረስ እዚያው አቧራ ቃምኩ።

የዚያን ሐሙስ ማታ ከቲቸር ይመር ጋር በአንድ ሚኒባስ ወደ ደሴ ወጣን። እኔ እየሳቅኩም እያለቀስኩም አወራለሁ። ጠመዝማዛውን መንገድ ጨርሰን ብርዱ ሲቀበለን ወደኔ ዞሩ።

«አንቺ የጻፍሽውን እኔ ጽፌው አላውቅም» አሉ። «እሁድ ኩታበር ታደርሺኛለሽ? ጉልበቴ ብቻዬን አያወጣኝም።»

«ኩታበር ምን አለ?»

«ወንድሜ አለ።»

እሁድ በመንገድ ላይ ነገሩኝ። ገና ጀማሪ መምህር ሳሉ አባታቸው ኩታበር ላይ ታመሙ። ታላቅ ወንድማቸው እንድሪስ ደብዳቤ አጽፈው ጎረቤታቸውን አደምን ወደ ደሴ ላኩት። አደም በእግሩ መጥቶ ደብዳቤውን ይመር እጅ ላይ አኖረው። «አባባ ይፈልግሃል፤ ቶሎ ና» ነው የሚለው። ይመር የፈተና ወረቀት እያረሙ ነበር። ሁለት ቀን ምንም አይል ብለው አርመው ለመጨረስ ቆዩ። ሲደርሱ አባታቸው ተቀብረዋል። መቃብሩ ላይ ወንድማቸው «የት ነበርክ?» ብለው ሲጠይቋቸው «ደብዳቤው አልደረሰኝም» አሉ።

«‹አልደረሰኝም› ስል» አሉኝ መስኮቱን እያዩ፣ «ደብዳቤው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ አስመሰልኩት።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ እንድሪስ አደምን ሰላም ብለውት አያውቁም። ሁለቱ ቤቶች የሚለያዩት በቁልቋል አጥር ብቻ ነው። አደም አንድም ቀን አልተከራከረም። ለምን እንዳልተከራከረ ይመር አያውቁም፤ ሊጠይቁትም ድፍረት አጥተው ሸመገሉ።

እንድሪስ ግቢያቸው ውስጥ መደብ ላይ ፀሐይ እየሞቁ አገኘናቸው። ሚስታቸው እትዬ ዘሃራ ምንጣፍ ልታነጥፍልን ተነሳች። ቲቸር ይመር አልተቀመጡም።

«አያ» አሉ ታላቅ ወንድማቸውን፣ «ቆሜ ልናገር። አደም የአባባን ደብዳቤ አምጥቶልኛል። በእጄ ተቀብያለሁ። አንብቤዋለሁ። የቀረሁት እኔ ነኝ። የዋሸሁህም እኔ ነኝ። አውፍ በለኝ።»

እንድሪስ ኮፍያቸውን አወለቁ። መልሰው አደረጉ። «አባባ እስኪያልፍ ድረስ በር በሩን ሲያይ ነበር» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«አታውቅም። እኔ ነበርኩ ያለሁት።»

ቲቸር ይመር አንገታቸውን ደፉ። ያን ሁሉ ዘመን ክፍል ውስጥ ሲንጎራደዱ ያየኋቸው ሰው፣ መጥፎ ውጤት እንዳመጣ ተማሪ ቆመው ቀሩ። ልደግፋቸው ስል በእጃቸው ከለከሉኝ።

እንድሪስ ምርኩዛቸውን ፈልገው ተነሡ። እትዬ ዘሃራ ገብቷት ኖሮ፣ «እኔ ልጥራው» አለች።

«ተይ» አሏት። «ሰላምታ የነሳሁት እኔ ነኝ። እኔ እሄዳለሁ።»

በአጥሩ ክፍተት ቀስ ብለው አለፉ። እኛ ከአጥሩ ወዲህ ቀረን። ከማዶ «አሰላሙ አለይኩም» ሲሉ ሰማናቸው። በግ ጮኸ። በመጨረሻ አንድ የተሰነጠቀ የሽማግሌ ድምፅ «ወአለይኩሙ ሰላም ወራህመቱላህ» አለ።

ሁለቱ ተያይዘው መጡ። አደም አጭር፣ ፊቱ የተጨማደደ፣ ዓይኑ ግን የሚስቅ ሽማግሌ ነው። ይመርን አቅፎ ሦስት ጊዜ ሳማቸው። እንድሪስ ናቸው ያላስቻላቸው።

«ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልተናገርክም፣ አደም?»

«መቃብሩ ላይ ሲያለቅስ አይቼዋለኋ» አለ አደም። «እንደዚያ ያለቀሰ ሰው ከዚያ ወዲህም አላየሁ። በዚያ ላይ ምን ልጨምርበት?» ከዚያ ወደ እንድሪስ ዞረ። «ደግሞ አንተ ሰላም ባትለኝስ ምን ቀረብኝ? ድሮም ሰላምታህ አጭር ነው።»

እትዬ ዘሃራ መጀመሪያ ሳቀች። ከዚያ እንድሪስ። ቲቸር ይመር ሊስቁ ሞክረው አልሆነላቸውም፤ በካፖርታቸው እጅጌ ፊታቸውን ሸፈኑ።

ምሳ ቀረበ። አደምን መሐል አስቀመጡት። ቲቸር ይመር እጃቸውን ታጥበው፣ ቢስሚላህ ብለው፣ የመጀመሪያውን ጉርሻ ጠቅልለው ለአደም አጎረሱት። ሳይውጥ ሁለተኛውን ደገሙት። ሦስተኛውን ሲጠቀልሉ አደም በሁለት እጁ አፉን ሸፍኖ፣ «ኧረ ተወኝ ይመር፣ ጥርስ የለኝም!» እያለ ወደ ኋላ ይሸሻል፤ እሳቸውም በጉልበታቸው እየተከተሉ «ግዴለህም፣ ለስላሳውን መርጬልሃለሁ» ይሉታል።